የጓሮ አትክልት ዘር ወጪን ስለ መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በቤታቸው ጓሮ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢ ጥግ ወይም በረንዳ ላይ በተደረደሩ ባልዲዎች አትክልት ከሚያለሙ ሰዎች ዘወትር የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በአመዛኙ አዲስ አበባንና ተመሳሳይ የአየር ጠባይ ያላቸውን የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች በማሰብ ነው።

ለዘር የማወጣው ገንዘብ የሚበዛው በምን ምክንያት ነው?

ብዙ ሰው ዘር ተወደደ ብሎ የሚያማርረው የሱቁን ዋጋ አይቶ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ለጓሮው የሚያስፈልገውን ዘር በግራም አስልቶ ለሚያይ ሰው ዋናው ኪሳራ የሚደርሰው ከግዢው በኋላ ነው። አንድ ግራም የጥቅል ጎመን ዘር ከ250 እስከ 300 የሚደርሱ ፍሬዎችን ይይዛል። በ4 ካሬ ሜትር መደብ ላይ በ40 በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚተከለው ጥቅል ጎመን 20 ችግኝ ብቻ ስለሆነ፣ ለመጠባበቂያ 10 ፍሬ ቢጨመርበት እንኳ የሚፈለገው የግራም አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 100 ግራም የያዘ ቆርቆሮ ገዝቶ የመጣ ሰው ታዲያ ከ25 ሺህ በላይ ፍሬ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን በመደብ ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ ይበትነዋል፤ ተጨናንቆ የበቀለው ችግኝ ቀጥኖና ገርጥቶ ይነቀላል፤ የቀረው ቆርቆሮ ክዳኑ ሳይገጠም መደርደሪያ ላይ ከርሞ በሚቀጥለው ዓመት ሳይበቅል ይቀራል። ርካሽ ዘር ከመፈለግ በፊት የተገዛውን አለማባከን ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

ለትልቅ እርሻ የታሸገ ቆርቆሮ ብቻ በሚገኝበት ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንዱን መካፈል ይችላሉ። እንደ ዕቁብ ተራ ይዞ በየወቅቱ አንዱ ቤት የአንዱን አትክልት ዘር እንዲገዛ ማድረግ ደግሞ ከዚያም ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሁሉንም ዓይነት ዘር መግዛቱ ይቀራል።

ሲዘራ የሚባክነውን ዘር እንዴት ልቀንስ?

ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሰላጣ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ወይም ከታች በተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ እየተደረገ ቢፈላና ችግኙ በኋላ ቢተከል አንድም ፍሬ ያለ ዓላማ አይወድቅም። ካሮት ግን ሥሩ ተነቅሎ ሲተከል ስለሚጣመም በቦታው መዘራት አለበት። ፍሬው በጣም ደቃቅ በመሆኑ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቆ በመስመር ላይ ማንጠባጠብ መጨናነቁን ይቀንሰዋል። ካሮት ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፣ አፈሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቡቃያው ብቅ ሲል ማንሳት ያስፈልጋል። ካሮት አልበቅል አለኝ የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘሩን ሳይሆን ውሃውን መመርመር አለበት።

የቆስጣና የቀይ ሥር ነገር ለየት ይላል። እኛ አንድ ፍሬ የምንለው ሸካራው እንክብል ሁለት፣ ሦስት አንዳንዴም አራት ዘር በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ፣ በአንድ ቦታ አንድ እንክብል ብቻ መጣል ይበቃል፤ ከዚያ የሚወጣውን ትርፍ ቡቃያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይቻላል። ቆስጣን ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ የውጭ ቅጠሎቹን ብቻ እየቀነጠሱ ልቡን ለሚተዉለት ሰው አንድ ተክል ለብዙ ወራት ቅጠል ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ የዘር ቁጠባ አላውቅም።

ጊዜው ያለፈበት ዘር መጣል አለበት ወይ?

ወዲያው መጣል አያስፈልግም። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ቀን አምራቹ የብቅለት መጠኑን የሚያረጋግጥበት ገደብ እንጂ ዘሩ የሚሞትበት ቀን አይደለም። በደህና ቦታ የተቀመጠ የቲማቲም፣ የጥቅል ጎመንና የዱባ ዘር አራትና አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ቆስጣና ቀይ ሥርም ወደዚያው ይጠጋሉ። ካሮትና ቃሪያ ሦስት ዓመት ገደማ ይሄዳሉ። ቀይ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ግን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ኃይላቸውን ስለሚያጡ በየዓመቱ ትኩሱን፣ ያውም ጥቂት ብቻ መግዛት ይመከራል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ከምድጃው አጠገብ ያስቀመጥኩት የሽንኩርት ዘር በሙሉ መደብ ላይ ወድቆ አንድም ሳይበቅል ቀርቷል።

እርግጠኛ ለመሆን 10 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ሶፍት ላይ መደርደር፣ ሶፍቱን ጠቅልሎ በፌስታል ውስጥ ማድረግና ለብ ባለ ቦታ ማቆየት ነው። ጎመንና ሰላጣ በሳምንት ውስጥ ማንነታቸውን ያሳያሉ፤ ቃሪያና ካሮት ሁለት ሳምንት ይጠበቃሉ። ከ10 ፍሬ 8ቱ ካጎነቆሉ እንደ ወትሮው መዝራት ይቻላል፤ 5 ከሆኑ መጠኑን በእጥፍ መጨመር፤ ከ3 በታች ከሆኑ ግን ለመሬቱና ለጉልበቱ ሲባል ዘሩን መተው ይሻላል። ያረጀ ዘር ቢበቅልም ቡቃያው ደካማ መሆኑ አይቀርም። ያጎነቆሉት ፍሬዎች በጥንቃቄ ወደ አፈር ከገቡ ያድጋሉና ሙከራው ራሱ ኪሳራ የለውም።

ዘር ሳይበላሽ እንዲቆይ የት ላስቀምጠው?

ዘርን የሚገድሉት እርጥበትና ሙቀት ሲሆኑ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጥፋታቸው ይፈጥናል። በዘር ሳይንስ የታወቀ አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፦ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በእንፋሎት የሚሞላ ኩሽና ለደቃቅ ዘር መጥፎ ጎረቤት ነው። የበቆሎ ዛላን ከምድጃ በላይ በጭስ ላይ መስቀል ነቀዝን የሚከላከል የቆየ ዘዴ ቢሆንም፣ ያንን ለሽንኩርት ወይም ለሰላጣ ዘር ማድረግ አይገባም።

ዘሩ በመጀመሪያ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በጨርቅ ወይም በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። በጠራራ ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ማስጣት ፈጥኖ የሚያደርቅ ይመስላል እንጂ ቆርቆሮው ሲግል ጽንሱን ይገድለዋል። የዱባ ዘር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተጎበጠ ገና ነው። ከዚያ በወረቀት ፖስታ አድርጎ፣ ስሙንና የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት ጽፎ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ማኖር ነው። በጠርሙሱ ሥር በምጣድ ታምሶ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ሩዝ ቢደረግ የተረፈውን እርጥበት ይመጥጣል። ፍሪጅ ያለው ሰው ጠርሙሱን እዚያ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው፤ ሲያወጣው ግን ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሊጠብቅ ይገባል፤ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት በቀዘቀዘው ዘር ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል።

የየትኞቹን አትክልቶች ዘር ከራሴ ጓሮ መያዝ እችላለሁ?

ለጀማሪ የሚመቹት አበባቸው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ናቸው፤ ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ አተርና ሰላጣ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከአጠገባቸው ሌላ ዝርያ ቢተከል እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዘራቸው እናቱን መስሎ ይወጣል። ሰላጣ ግንዱን አንስቶ ቢጫ አበባ ሲያወጣ ምሬት ስለሚበዛበት ሰው ሁሉ ነቅሎ ይጥለዋል፤ አንዲቱን ብቻ መተው ግን ለበርካታ ወቅቶች የሚበቃ ዘር ያስገኛል። ፎሶሊያ ደግሞ ለዘር የተመረጠው ተክል ላይ እሸቱ ጨርሶ ሳይለቀም እስኪደርቅና ሲነቀነቅ እስኪንኳኳ ይቆያል።

ሀበሻ ጎመን በአብዛኛው ራሱን የሚያዳቅል ከመሆኑም በላይ በአንድ ወቅት ውስጥ አብቦ ዘር ስለሚሰጥ ለአገራችን ጓሮ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም የተዘራው በበጋው ደረቅ ወራት ዘሩ ስለሚበስል ዝናብ አያበሰብሰውም። የታችኞቹ ቆባዎች ወደ ቡናማ ሲያዘነብሉ፣ ተሰንጥቀው ዘሩ ከመፍሰሱና ወፍ ከመድረሱ በፊት ግንዱን ቆርጦ ቁልቁል በጆንያ ውስጥ መስቀል ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንቃወም ይገባል፦ ቀድሞ ያበበውን ተክል ለዘር መተው። ቅጠሉ እንዲበላ ለሚፈለግ አትክልት የሚመረጠው ዘግይቶ የሚያብበው፣ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነው ነው፤ ቀድሞ ያበበው ለዘር ከተያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገና ሳይበላ የሚያብብ ጎመን ይወርሰናል።

ቃሪያ ራሱን ቢያዳቅልም ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኝ ስለምታመላልስ ይደባለቃል። በርበሬ አጠገብ የተተከለ የፈረንጅ ቃሪያ በዚያው ዓመት አይለበልብም፤ ፍሬው የእናቱ ነውና። ከዚያ ፍሬ የተወሰደው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ሲያፈራ ግን እንግዳ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ዱባም ከዱባ ጋር በንብ ይዳቀላል፤ ከቅል ጋር ግን አይዳቀልም። ከተያዘ ዘር የበቀለ ዱባ ወይም ዝኩኒ ሲቀመስ ከመረረ መጣል አለበት፤ ምሬቱ ሆድን የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር ምልክት ነው።

ከገበያ ከገዛሁት ቲማቲም ዘር ማውጣት እችላለሁን?

ይቻላል፤ ግን ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ዛሬ በገበያ ላይ ከሚሸጠው ቲማቲም ብዙው ከድቅል ዘር፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው ከተገኘ ዘር የተመረተ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚገኘው ትውልድ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱም በሽታ የማይችል ሆኖ ይበታተናል። ለአንድ ባልዲ ሙከራ ጉዳት የለውም፤ የዓመት ፍጆታን በእርሱ ላይ መጣል ግን አይመከርም። አስተማማኝ የሆነው እንደ መልካሾላ፣ ሮማ ቪኤፍ ወይም ማርግሎብ ያለ ድቅል ያልሆነ ዝርያ አንድ ጊዜ ገዝቶ ከዚያ በኋላ ከራስ ምርት ዘር መያዝ ነው።

አወጣጡ ቀላል ነው። ጤናማ ከሆኑ ሁለትና ሦስት ተክሎች ላይ በደንብ የበሰሉ ፍሬዎች ይመረጣሉ፤ ውስጣቸው ከነጭማቂው ወደ ብርጭቆ ተጨምቆ ትንሽ ውሃ ይጨመርበትና ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን እንዲብላላ ይተዋል። በዘሩ ዙሪያ ያለው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ብቅለትን የሚከለክል ነገር ስላለው፣ ሲብላላ ይሟሟል። ደህናው ዘር ወደ ታች ይሰጥማል፣ ገለባው ይንሳፈፋል። ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ዘሩ እዚያው ማጎንቆል ስለሚጀምር በጊዜው ታጥቦ በሸክላ ሳሕን ላይ ይሰጣ፤ ሶፍት ላይ ከተሰጣ ይጣበቅና አይላቀቅም።

ድቅል ዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነውን?

ሁልጊዜ አይደለም። ድቅል ዘር የሁለት የተመረጡ ወላጆች የመጀመሪያ ትውልድ በመሆኑ ወጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም ምርቱ ከፍ ያለ ነው፤ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ዋጋውን ያወጣዋል። ከጓሮው ለሰላጣና ለወጥ ለሚቀጥፍ ቤተሰብ ግን ሁሉም ፍሬ በአንድ ሳምንት መድረሱ ጥቅም አይደለም፤ በየዓመቱ አዲስ መግዛት የሚያስገድድ መሆኑ ደግሞ ሸክም ነው። በእሽጉ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ምልክት ካለ ድቅል ነው። አንድ ዓይነት የቲማቲም በሽታ በየዓመቱ ለሚያጠቃው ጓሮ ግን በሽታውን የሚቋቋም ድቅል መግዛት፣ ከርካሽ ዘርና ከተደጋጋሚ መድኃኒት ርጭት የበለጠ ያዋጣል።

ለምጣድ ማሰሻ የሚሸጠው ጎመንዘር ይዘራል ወይ?

ይዘራል። ጎመንዘር የሀበሻ ጎመን ዘር ነው፤ ከቅመም ተራ የሚገዛ አንድ ስኒ ጎመንዘር ከአትክልት ዘር ሱቅ ከሚገዛ ብዙ እሽግ የሚበልጥ ፍሬ አለው። ሁለት ነገር ግን ማስተዋል ያስፈልጋል፦ ያልታመሰ መሆኑንና አለማርጀቱን። ከላይ የተገለጸው የሶፍት ሙከራ ሁለቱንም ያጣራል። ለቅባት ተብሎ ከተመረተ ዝርያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ቢያብብ ሊያስገርም አይገባም፤ ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉን መቀንጠስ ነው።

ድንብላል፣ አብሽና ሰናፍጭም እንዲሁ ከቅመም ሻጭ ተገዝተው ይበቅላሉ። የድንብላል ክብ ፍሬ ሁለት ዘር የያዘ ስለሆነ በእጅ ፈተግ አድርጎ ለሁለት መክፈል ብቅለቱን ያፋጥናል። በሶብላ አንድ ጊዜ ዘር ካስያዙት በኋላ ራሱ እየረገፈ ይበቅላል፤ ጤና አዳምና የሥጋ መጥበሻ ደግሞ ከጎረቤት በተለመነ ቅርንጫፍ ይጸድቃሉ።

የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘርስ በቤት ይያዛል?

እነዚህን ይግዙ። አበባ ለማውጣት ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ስለሚሹ፣ በብዙ አካባቢዎቻችን ሳያብቡ ይከርማሉ ወይም ጥቂቶቹ ብቻ ያብባሉ። ቢያብቡም ቀይ ሥርና ቆስጣ የአንድ ዘር ግንድ ሁለት ዓይነት በመሆናቸው ብናኛቸው በነፋስ ርቆ ሄዶ ይደባለቃል፤ ጥቅል ጎመንም ብቻውን ሆኖ ራሱን አያዳቅልም።

ከሽንኩርትና ከድንች ዘር ላይ እንዴት መቆጠብ ይቻላል?

ነጭ ሽንኩርትና የሀበሻ ሽንኩርት በራሳቸው ይተከላሉ፤ ትልልቁን ለድስት፣ ትንንሹን ለመሬት የሚለው የብዙ ቤት ልማድ ግን መገልበጥ አለበት፤ ትልቁ ፍንካች ትልቅ ስለሚሰጥ።

ድንች ላይ ቁጠባ ያለ ጥንቃቄ ከሆነ ውድ ያስከፍላል። የገበያ ድንች ውጫዊ መልኩ ጤናማ ሆኖ በባክቴሪያ የሚመጣውን የአጠውልግ በሽታ ሊይዝ ይችላል፤ በሽታው አንዴ መሬት ከገባ ለዓመታት ይቆያል፣ ቲማቲምና ቃሪያንም ያጠቃል። የጠወለገ ተክል ሲገኝ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ እንደ ወተት ያለ ክር ከተቆረጠው ቦታ ወደ ታች ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉትን ዝርያዎች ከታመነ የዘር አምራች በትንሹ ገዝቶ፣ በመጀመሪያው ወቅት ጤናማ ከሆኑት ተክሎች የእንቁላል መጠን ያላቸውን ድንቾች ለሚቀጥለው ወቅት መያዝ ከሁሉም ይሻላል። ሳይቆረጡ መተከል አለባቸው፤ ቢላ በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያጋባልና። ለዘር የተቀመጠ ድንች ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ አረንጓዴ ቢሆን ለተከላው ጥሩ ነው፣ ለመብል ግን አይሆንም።

ከቆርቆሮ እየተቀነሰ በፌስታል የሚሸጥ ርካሽ ዘር ልግዛ?

ሻጩ ዋናውን ቆርቆሮ ካሳየዎት፣ የዝርያው ስምና ቀኑ ከተነበበ፣ ክዳኑም በየጊዜው የሚገጠም ከሆነ ለትንሽ ጓሮ ይህ ተመራጭ የግዢ መንገድ ነው። ቆርቆሮው ፀሐይ በሚመታው የሱቅ ደጃፍ ላይ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ግን በርካሽ የተገዛው ዘር ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ከተነካ በኋላ እጅ መታጠብ አለበት፤ የተረፈውም ለዶሮ አይሰጥም።

ዘር በነጻ የሚገኝበት ቦታ አለ?

በየወረዳው ያሉ የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዘርና ችግኝ የሚያከፋፍሉባቸው ወቅቶች ስላሉ ከመግዛት በፊት መጠየቅ አይከፋም። ብዙ ሰው ስለ ዘር ባንኩም ይጠይቃል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዘር ባንክ የአገሪቱን ዝርያዎች ለማቆየት የተመሠረተ እንጂ ለጓሮ አልሚ ዘር የሚቸረችር አይደለም። ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ የአገር ዘርን ማሰባሰብና ማቆየት ነበር፤ እርሳቸው አጥብቀው ይከራከሩ የነበረውም ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መቆየት አለበት ብለው ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመዴ የጎመን ዘር ልላክለት?

እንዲሁ በሻንጣ ማስገባት አይፈቀድም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ማንኛውም የሚዘራ ዘር ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ በአሜሪካም ያለ ሰነድ የገባ ዘር በአየር ማረፊያው ይወሰዳል። በእኛም በኩል የዝርያ ሀብትን ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ሀበሻ ጎመን ግን በአሜሪካ ዘር ሻጮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ኬል» እየተባለ ስለሚሸጥ፣ ዘመድዎ እዚያው ገዝቶ ከላይ በተገለጸው መንገድ የራሱን ዘር ሊይዝ ይችላል። በዚያ ረጅም የበጋ ቀን ጎመኑ ቅጠል ሳያበዛ ወደ አበባ ስለሚቸኩል፣ በጸደይ መግቢያ ወይም በበጋው መገባደጃ ቢዘራው ይሻላል።